ኤክስፕረስ ዕቃ ሲዘገይ የሚቀጣው ለምን ሁልጊዜ አድራሹ ነው?

ማለዳ (ይህን የውይይት ክር የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ እንድንነጋገር የምፈልገው ስለ አሠራሩ ነው። በቅርቡ አለቆቻችን ኤክስፕረሱን አሰፉት። ድሮ በማግስቱ ይደርስ የነበረው በዚያው ቀን ይድረስ ተባለ። የዚያው ቀን የነበረው ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ። ማስታወቂያው ያምራል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎታል። መኪናው ግን አልጨመረም፤ ሰውም አልተቀጠረም።

ችግሬ ከፍጥነቱ ጋር አይደለም። መፍጠን ሥራችን ነው፣ እናውቅበታለን። የሚያንገበግበኝ ሰዓቱ ከየት መቆጠር እንደሚጀምር ነው። ደንበኛው ሲከፍል ሰዓቱ መሮጥ ይጀምራል። ከዚያ ዕቃው ይታሸጋል፣ ይለያል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ይጫናል። እኔ እጅ ሲገባ ግማሹ ጊዜ አልቋል፤ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ። ከዘገየ ግን ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው የኔ ስም ብቻ ነው። የታሸገበት ሰዓት የለም። መደርደሪያ ላይ የቆየበት ሰዓት የለም። "ዘግይቷል" ይላል፣ ከጎኑ የኔ መለያ ቁጥር። ወር ሲያልቅ ከቦነሴ ላይ ይቆረጣል።

ሌላው መስመር ነው። ጠዋት ቅርብ ከቅርብ አያይዤ፣ መስመሬን አስተካክዬ እወጣለሁ። መሀል ላይ ስልኬ ይጮሃል። "ኤክስፕረስ ገብቷል፣ ተመልሰህ ውሰድ።" ተመልሼ ስወስድ አድራሻው ከመስመሬ በተቃራኒ ነው። እሱን ሳደርስ መደበኛዎቹ ይዘገያሉ። እነሱም ደግሞ የራሳቸው ዒላማ አላቸው። የትኛውን ላስቀድም ብዬ ስጠይቅ መልሱ "ሁለቱንም" ነው።

ስብሰባ ላይ አነሳሁት። "ሌሎቹ እየቻሉት ነው" ተባልኩ። ሌሎቹ እንዴት እንደቻሉት አውቃለሁ። ምሳ ሳይበሉ፣ ቀይ መብራት እየጣሱ፣ ደረጃ በሩጫ እየወጡ ነው።

ሌላ ቦታ የምትሠሩ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው? ኃላፊ የሆናችሁም ካላችሁ በግልጽ ንገሩኝ። ሰዓቱን እኛ እጅ ከገባበት ደቂቃ መቁጠር ለምን ከበደ?

---

የመጋዘን ልጅ

ማለዳ ወንድሜ፣ በመጋዘን በኩል ያለውን ልንገርህ። እኛም ተኝተን እንዳይመስልህ።

ኤክስፕረስ የሚል ቀይ ስቲከር ያለበት ዕቃ ሲገባ መጀመሪያ ስካን ይደረጋል። ግን ብቻውን አይወጣም። ባቹ፣ ማለት አብረው የሚወጡት ዕቃዎች ስብስብ፣ እስኪሞላ ይጠብቃል። ባቹን የሚዘጋው ሲስተሙ ነው። አንድ ዕቃ ባቹ ከተዘጋ በኋላ በአንድ ደቂቃ ዘግይቶ ቢገባ፣ ቀጣዩን ሙሉ ዙር ይጠብቃል። ከፊቴ ተቀምጦ እያየሁት ላነሳው አልችልም። ካነሳሁት ስካነሩ ይጮሃል፣ ሱፐርቫይዘሩም ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር የትዕዛዝ መቀበያ ሰዓት ነው። ድሮ ለዚያው ቀን የሚደርስ ትዕዛዝ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋ ነበር። ሽያጭ ክፍሉ ተፎካካሪዎች እስከ ከሰዓት ይቀበላሉ ብሎ አራዘመው። የማድረሻው መጨረሻ ሰዓት ግን ባለበት ቀረ። ለመለየት፣ ለመጫን እና ለመንዳት የቀረን ጊዜ ጠበበ። ሲወስኑ መጋዘን ድረስ መጥቶ "ይቻላል ወይ?" ብሎ የጠየቀን የለም። ያወቅነው ከማስታወቂያው ነው።

ሦስተኛ ደግሞ የኛም ዒላማ አለ፤ በሰዓት ስንት ዕቃ ለየህ የሚል። በብዛት ከተለካህ ትንሹን እና ቀላሉን ታስቀድማለህ። ትልቁ፣ ቅርጹ የማይመቸው ዕቃ ሥር ይቀራል። ያ ዕቃ ኤክስፕረስ ሊሆን ይችላል። አንተ ጋ ዘግይቶ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እንደዚህ ያለው ነው።

---

ባለጎማ

እኔ ሞተር ነው የምነዳው። ማለዳ ያልከው ሁሉ እኛም ጋ አለ። እኔ የምጨምረው የውሸት ስካንን ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ጮክ ብሎ አያወራውም።

ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አንዳንድ ልጆች ገና መንገድ ላይ እያሉ "ደንበኛው አልተገኘም" ብለው ስካን ያደርጋሉ። ያቺ ስካን ሰዓቱን ታቆመዋለች። ሪፖርቱ ላይ ዕቃው ዘገየ አይባልም፣ ተሞከረ ነው የሚባለው። ልጁ ቦነሱን ያድናል። ሱፐርቫይዘሩ የቅርንጫፉን ቁጥር ያድናል። ከላይ ያሉት ደግሞ "ኤክስፕረሱ እየሠራ ነው" ብለው ለደንበኛ ድርጅቶች ያሳያሉ። ተቀባዩ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ "መጥተን አጣንዎት" የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ያን ጊዜ የሚሰማውን ንዴት አስቡት። ያ ንዴት የሚያርፈው በማግስቱ ዕቃውን ይዞ በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ላይ ነው።

ይህን ለማስቆም ኃላፊዎቹ ያደረጉት ፎቶ ማስነሳት ነው። የበሩ ፎቶ፣ የዕቃው ፎቶ፣ የቤት ቁጥሩ ፎቶ። ጥሩ፣ እናንሳ። ግን እያንዳንዱ ፎቶ ደቂቃ ይበላል። ኔትወርክ ከደከመ ፎቶው እስኪያልፍ አፑ አይለቅህም። በር ላይ ቆመህ ስልክህን ወደ ላይ ታነሳለህ፣ ክቧ ትዞራለች፣ ቀጣዩ ኤክስፕረስ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ለዚህ የተጨመረልን ጊዜ የለም።

ልጆቹ እንዲዋሹ ያደረጋቸው ሊደረስበት የማይችል ሰዓት ነው። ሰዓቱን ሳይነኩ ውሸቱን ብቻ ማሳደድ ምን ይጠቅማል?

---

ፈጣን ምላሽ

ሥራው ከብዶህ ከሆነ ልቀቅ። የሚፈልገው ብዙ ነው።

---

ባለጎማ

@ፈጣን ምላሽ ብዙዎች እየለቀቁ ነው። በምትካቸው የሚመጣው አዲስ ልጅ አካባቢውን አያውቅም። የትኛው ሕንፃ የኋላ በር እንዳለው፣ የትኛው ዘበኛ ዕቃ ተቀብሎ እንደሚያስቀምጥ፣ የትኛው አድራሻ ካርታው ላይ ተሳስቶ እንደተቀመጠ አያውቅም። ይህ የትም አልተጻፈም፤ ያለው በነባሩ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሱ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ኤክስፕረሱም የባሰ ይዘገያል።

---

ኦፕሬሽን

ኃላፊዎች በግልጽ ይናገሩ ስለተባለ ልናገር። ዕቃ በሚያደርስ ድርጅት ውስጥ የኦፕሬሽን ኃላፊ ነኝ። የምጽፈው የራሴን አስተያየት ነው።

ማለዳ የጠየቅከው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ የኛን ወገን ግን ስማኝ። ከትልልቅ ላኪዎች ጋር የምንፈራረመው ውል የማድረሻ ሰዓት ግዴታ አለው። ከተወሰነ መጠን በላይ ካዘገየን እኛም እንቀጣለን፤ ወይ ውሉ ይሄዳል። ላኪው ዕቃው መደርደሪያ ላይ ቆየ ወይስ መንገድ ላይ ቆየ ግድ የለውም። የሚያውቀው የከፈለበትን ሰዓት እና የደረሰበትን ሰዓት ነው። ከላይ ወደኔ የሚመጣው ቁጥር ይኼ ነው። እኔም ወደ ታች የማወርደው እሱኑ ነው።

ኤክስፕረስን ለምን አትተዉትም ለሚል ደግሞ፣ መደበኛው ማድረስ ትርፉ በጣም ቀጭን ነው። ሁሉም ዋጋ ስለሚሰብር። ደሞዝ የሚከፈለው፣ መኪና የሚጠገነው በአብዛኛው ኤክስፕረሱ በሚያመጣው ነው። ነገ ብናቆመው ያው ደንበኛ ጎረቤት ድርጅት ጋ ይሄዳል፣ እዚያም ያንኑ ሥራ የሚሠራው እንደ እናንተው ያለ ልጅ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ስለምትናደዱብኝ አልተወውም። በእጅ ከገባበት ሰዓት ብቻ ብንለካ ዕቃውን ከመጋዘን ለመረከብ የሚዘገይ ሰው ይኖራል። በር ላይ ቆሞ "አሁን አልፈርምም፣ ሰዓቱ ይጀምርብኛል" የሚል። ይህን ያየሁት ስለሆነ ነው የምለው።

---

ማለዳ

@ኦፕሬሽን ስለመለሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አብዛኛው ኃላፊ ይህን ያህል እንኳ አያስረዳም።

ግን አንድ ነገር ልበል። ደንበኛው ከከፈለበት እስከ ተቀበለበት ያለው ሰዓት የድርጅቱ ሰዓት ነው። እሱ ይለካ፣ መለካትም አለበት። የኔ ሰዓት ግን ሌላ ነው። እርስዎ ከላይ የመጣውን ቁጥር እንዳለ ወደ ታች ሲያወርዱት ሽያጭ ክፍሉ ያራዘመው፣ ባቹ ያስቆየው፣ ጫኙ ያዘገየው ሁሉ ተጠቅልሎ እኔ ላይ ይወድቃል። ላኪው ድርጅቱን ሲቀጣ ቅጣቱ የድርጅቱ ነው። እኔን ሲቀጡ ግን ከቤቴ ኪራይ ላይ ነው የሚቆረጠው።

ርክክብ የሚያዘገይ ይኖራል ላሉት፣ ዕቃው ለርክክብ ዝግጁ የሆነበት ሰዓትም ይመዝገብ። ዝግጁ ሆኖ እኔ ካልመጣሁ የኔ ጥፋት ነው፣ እቀበላለሁ። ሦስት የሰዓት ማኅተም ነው የሚያስፈልገው፤ ዝግጁ ሆነ፣ ተረከበ፣ ደረሰ። ስካነሩ አሁንም ሁሉንም ይይዛል፤ የጎደለው ሪፖርቱ ላይ ማውጣት ነው።

---

ሰነድ አገላባጭ

እኔ ዕቃ አድራሽ አይደለሁም፣ የትራንስፖርት ታሪክ ማንበብ ግን እወዳለሁ። ከዚህ ክር ጋር የሚያያዝ ጥቂት ነገር ላካፍል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካው ዕቃ አድራሽ ድርጅት ፌደራል ኤክስፕረስ፣ ዛሬ ፌዴክስ የምንለው፣ ሥራ የጀመረው ሚያዝያ 1973 ነው። በመጀመሪያው ሌሊት 14 ትንንሽ አውሮፕላኖች 186 ጥቅል ይዘው 25 ከተሞችን አገለገሉ። ሁሉም ዕቃ ሌሊት ሜምፊስ ከተማ ይሰበሰባል፣ እዚያ ይለያል፣ ጠዋት ይበተናል። ልብ በሉ፤ መሥራቹ ፍሬድሪክ ስሚዝ "በማግስቱ ይደርሳል" ያለው አውሮፕላኑን ገዝቶ፣ ማዕከሉን ሠርቶ፣ የሌሊት ሺፍት አዘጋጅቶ ነው። ፍጥነቱ የመጣው ከአደረጃጀቱ ነው። ማለዳ የነገረን ግን ያው መኪና፣ ያው ሰው፣ ያው መጋዘን እያለ በማስታወቂያው ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ሲያጥር ነው።

ሌላው ዕቃ አድራሽ ድርጅት ዲኤችኤልም በ1969 ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሆኖሉሉ በመርከብ የሚሄድ ጭነት ሰነዱን በአውሮፕላን አስቀድሞ መላክ። ጭነቱ ሲደርስ የጉምሩክ ሥራው እንዲያልቅ። እዚያም ቢሆን ጊዜ የተገኘው የሥራው ቅደም ተከተል ስለተቀየረ ነው። ሰው ስለሮጠ አልነበረም።

ተቃራኒውን ምሳሌ ልጥቀስ። ዶሚኖስ ፒዛ በ30 ደቂቃ ካልደረሰ በነጻ የሚል ቃል ገብቶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስ ላይ አንዲት ሴት በአድራሽ መኪና ተገጭታ ከሰሰች። በ1993 ዳኞች ወደ 79 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈላት ወሰኑ። ድርጅቱ ያንን ቃሉን በዚያው ዓመት አነሳ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ያለው ዶሚኖስ ደግሞ የ30 ደቂቃውን ቃል የተወው በ2011፣ ወጣት አድራሾች በመንገድ አደጋ መሞታቸው ሕዝብ ካስቆጣ በኋላ ነው።

ሌላው ጃፓን ነው፣ ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው። ያማቶ የሚባለው ትልቁ የዕቃ ማድረሻ ድርጅት ደንበኛ ዕቃ የሚቀበልበትን ሰዓት እንዲመርጥ ያደርጋል። በ2017 የኢንተርኔት ግዢ አጥለቀለቃቸው። ሾፌሮች ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ይሠሩ እንደነበር ተጋለጠ። ከዚያ ምን አደረጉ? ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ያለውን የማድረሻ ምርጫ ሰረዙ፤ ሾፌሩ ምሳ እንዲበላ። የመደበኛ ደንበኛ ዋጋንም ጨመሩ፣ ከ27 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ድርጅቱ አልወደቀም።

@ኦፕሬሽን ለርስዎ ነው ይህን የምጽፈው። ውድድር ስላለ ምንም ማድረግ አይቻልም የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

---

ተቀባይ

እኔ ዕቃ ተቀባይ ነኝ፣ የዚህ ሁሉ ሰዓት ባለቤት ማለት ነው። ስታወሩ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ብዙ ጊዜ ኤክስፕረስ የምመርጠው ስለቸኮልኩ አይደለም። አፑ ራሱ መርጦ ስለሚጠብቀኝ ነው። ትዕዛዙ ላይ ስደርስ ኤክስፕረሱ ምልክት ተደርጎበታል። ሌላውን ለማግኘት ወደ ታች መውረድ አለብኝ። ልዩነቱም ትንሽ ስለሆነ እተወዋለሁ። መድኃኒት ከሆነ፣ የጉዞ ሰነድ ከሆነ፣ አዎ፣ ዛሬ ያስፈልገኛል። የስልክ መያዣ ግን ነገም ከነገ ወዲያም ቢመጣ ምንም አልሆንም። አንድም ቀን "እውነት ዛሬ ያስፈልግሃል?" ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ቻይና ውስጥ በ2020 ምግብ አድራሾች በአፑ ሰዓት ምክንያት ለአደጋ እንደሚጋለጡ በሰፊው ከተዘገበ በኋላ፣ ኧለማ የሚባለው ድርጅት ደንበኛው "5 ደቂቃ ተጨማሪ መጠበቅ እችላለሁ" የሚል ቁልፍ እንዲነካ አደርጋለሁ አለ። ብዙ ሰው ተቆጣ። ኃላፊነቱን ከድርጅቱ ወደ ደንበኛው ማሻገር ነው ብለው። ቁጣቸው ይገባኛል። ሰዓቱን የሚያሰላው ድርጅቱ እስከሆነ ድረስ ማስተካከል ያለበትም እሱ ነው። እኔ ግን ቁልፉ ቢኖር እነካው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። አድራሹ እያለከለከ በሬ ላይ ሲመጣ፣ ፊርማዬን ሲለምነኝ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ ሲሆን፣ እኔም አይመቸኝም። እንደዚያ ተሩጦ እንዲመጣልኝ የከፈልኩ አይመስለኝም ነበር።

---

ዲስፓቸሯ

ሰላም። እኔ ዲስፓች ላይ ነኝ፤ ዕቃውን ለአድራሾች የምንመድበው እኛ ነን። ለማለዳ "ተመልሰህ ውሰድ" ብላ የምትደውልለት ሴት እንደኔ ያለች ናት። ስለዚህ እኛም ወገን እንዳለን ይታወቅልን።

ስክሪኔ ላይ እያንዳንዱ ኤክስፕረስ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው። ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ። ቀይ ሲሆን ከኋላዬ ያለው ሱፐርቫይዘር ስክሪን ላይም ይቀላል። "ማን ቅርብ ነው?" ይለኛል። ካርታው ላይ ቅርብ የሚመስለው ልጅ ከወንዙ ማዶ ሊሆን ይችላል። ወይ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ካርታው ፎቅ አያሳይም። ወይ ከባድ ዕቃ ተሸክሟል። ይህን አውቃለሁ። ግን ቀዩ ነጥብ ማንም ላይ ካልተመደበ የኔ ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ እደውላለሁ።

አሁን ወደ መፍትሔው። እኛ ጋ ለተወሰነ ጊዜ የሞከርነው አንድ ነገር ነበር፣ በጣም ረድቶናል። ኤክስፕረሱን ከመደበኛው መስመር ለይተን አወጣነው። መደበኛ የያዘ ሰው መሀል መንገድ ላይ አይጠራም፣ በቃ። ኤክስፕረስ የራሱ ሰዎች አሉት። እነሱም በፈለገው ደቂቃ አይወጡም፤ የተወሰነ የመውጫ ሰዓት አላቸው። ከዚያ ሰዓት በፊት መጋዘኑ አዘጋጅቶ ካልጠበቃቸው መዘግየቱ የመጋዘኑ ነው። ለደንበኛው የሚነገረውም ሰዓት ከመውጫው ጋር የተያያዘ ነው። "በሁለት ሰዓት ውስጥ" አይባልም፤ "በቀጣዩ ዙር" ነው የሚባለው፣ ዙሩም መቼ እንደሆነ አፑ ላይ ይታያል።

የሆነውን ልንገራችሁ። ስልክ መደወሌ በጣም ቀነሰ። መደበኛው መስመር ተስተካከለ፣ ምክንያቱም ማንም መሀል ላይ አያፈርሰውም። ኤክስፕረስ የያዙት ልጆች በአንድ አቅጣጫ ብዙ ዕቃ ስለሚይዙ ነዳጅም ቀነሰ። ደንበኛም ብዙ አላማረረም። ሰው የሚናደደው ከተነገረው ሰዓት ሲያልፍበት ነው፤ ሰዓቱን በትክክል ከነገርከው ትንሽ ቢረዝምም ይጠብቃል።

ለምን ቀረ ካላችሁ፣ ሽያጭ ክፍሉ "በቀጣዩ ዙር" የሚለው ማስታወቂያ ላይ አይማርክም አለ። ወደ ድሮው ተመለስን። እስካሁን ያቃጥለኛል።

---

ኦፕሬሽን

@ዲስፓቸሯ እህቴ፣ ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመኝ ሐሳብ ነው። የኤክስፕረሱ መጠን ትንሽ በሆነበት አካባቢ ለብቻው ሰው መመደብ ያከስራል፤ እዚያ መቀላቀሉ አይቀርም። ዕቃው በሚበዛበት ግን ይሠራል። ከሽያጭ ክፍሉ ጋር ያለውንም ጠብ አውቀዋለሁ። እነሱ የሚለኩት በሸጡት ብዛት ነው። የሸጡት ሰዓት ደረሰ አልደረሰ ደሞዛቸውን አይነካም። የነሱም ኮሚሽን በሰዓቱ ከደረሰው ዕቃ ጋር ቢያያዝ፣ ለማስታወቂያው ከመቸኮላቸው በፊት መጋዘን መጥተው ይጠይቁ ነበር።

@ማለዳ ስለ ሦስቱ ማኅተም ያልከውንም አሰብኩበት። "ዝግጁ ሆነ" የሚለው ካለ የኔ ስጋት መልስ ያገኛል። አምኛለሁ።

---

የፍርድ ቤት ደጅ

ከሕግ አንጻር ጥቂት ልጨምር። የየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ እንደ ምክር አትውሰዱት፤ ሌላ ቦታ የሆነውን ለማወቅ ያህል ነው።

አብዛኛው ጠብ የሚጀምረው "ሠራተኛ ነህ ወይስ የራስህ ሥራ ያለህ ተቋራጭ?" ከሚለው ነው። ተቋራጭ ከተባልክ አደጋው፣ ነዳጁ፣ የተበላሸው ጎማ ሁሉ የራስህ ነው። መዘግየትህን ግን ድርጅቱ ይቀጣሃል። በ2014 አሜሪካ ውስጥ የይግባኝ ፍርድ ቤት የፌዴክስ ግራውንድን የካሊፎርኒያ ሾፌሮች ጉዳይ አይቶ ሠራተኞች ናቸው አለ። ያየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ አልነበረም። ዩኒፎርሙን ማን ወሰነ? የመኪናውን ቀለም ማን ወሰነ? ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማን ይቆጣጠራል? በማግሥቱ ዓመት ድርጅቱ በ228 ሚሊዮን ዶላር ለመስማማት ቀረበ። እንግሊዝ ውስጥም በ2021 የካቲት ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ ኡበር ሾፌሮች ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል።

ለማለዳ ጥያቄ ቅርቡ ግን ደቡብ ኮሪያ ይመስለኛል። በ2020 ዕቃ አድራሾች በሥራ ብዛት እየሞቱ ነው የሚል ትልቅ ጩኸት ነበር። አድራሾቹ ካነሷቸው ጥያቄዎች ዋናው ዕቃ መለየት ነው። ጠዋት ለሰዓታት መጋዘን ውስጥ ቆመው ይለያሉ፤ ክፍያቸው ግን በደረሰ ዕቃ ስለሆነ ለዚያ የሚከፈላቸው የለም። በ2021 ጥር ላይ ድርጅቶች፣ ማኅበራት እና መንግሥት ተስማሙ። መለየት የድርጅቱ ኃላፊነት ነው ተባለ። የሥራ ሰዓትም በሳምንት ከ60 እንዳይበልጥ። አፈጻጸሙ ላይ በኋላም ጭቅጭቅ ነበር። ቢሆንም ማለዳ የሚለው ነገር፣ ከመጋዘን ከመውጣት በፊት ያለው ጊዜ የማን ነው የሚለው፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ መልስ አግኝቷል።

የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 በአፕ የሚሠሩ ሰዎችን የሚመለከት መመሪያ አጽድቋል። አካውንትህን መዝጋትን የመሰለ ውሳኔ በማሽን ብቻ አይወሰንም፤ ሰው ማየት አለበት ይላል።

---

ሁለተኛ ሺፍት

ሁሉንም አነበብኩ። ብቻህን ስብሰባ ላይ እጅህን አታውጣ፣ ይኼን ነው የምልህ ማለዳ። አሜሪካ ውስጥ ዩፒኤስ የሚባለው ዕቃ አድራሽ ድርጅት ሠራተኞች በ1997 አድማ ሲመቱ 185,000 ያህል ሰው ለ15 ቀን ነው ሥራ ያቆመው፤ ድርጅቱም 10,000 የሙሉ ሰዓት ሥራ ለመፍጠር ተስማማ። በ2023 ደግሞ ሥራ ሳይቆም፣ አድማው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ተስማሙ። ከተስማሙበት አንዱ አዲስ የሚገዙ መኪናዎች ማቀዝቀዣ እንዲኖራቸው ነው። በሙቀት እየወደቁ ስለነበር። እነሱ ማኅበር አላቸው፣ እኛ ብዙ ቦታ የለንም። ግን አሥር ሰው የፈረመበት ወረቀት ከአንድ ሰው ንግግር ይሻላል። ቦነሱን እያዩ ዝም የሚሉ ልጆች አሉ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዲሉ ነው። ሰው የወደቀ ቀን ያ ቦነስ የሆስፒታል ካርድ አያወጣም።

---

ማለዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከልጆቹ ጋር ተነጋግረናል፣ የብዙዎቹን ፊርማ ይዘናል። ወረቀቱን እያዘጋጀን ነው። ዋናው ጥያቄያችን ሪፖርቱ ላይ ሦስቱም ሰዓት እንዲወጣ ነው፤ ዝግጁ የሆነበት፣ የተረከብንበት፣ የደረሰበት። ከቦነስ የሚቆረጠውም ከተረከብንበት በኋላ ላለው ብቻ እንዲሆን። ከዲስፓቸሯ የወሰድነው ደግሞ መደበኛ ይዞ የወጣ ሰው መሀል ላይ እንዳይጠራ፤ ከተጠራም የመደበኛዎቹ ዒላማ በዚያ ልክ እንዲራዘም። የፎቶውንም ጊዜ አስገብተናል፣ ባለጎማ።

እስካሁን ያልተስማማነው የውሸት ስካኑን እንጻፍ አንጻፍ በሚለው ላይ ነው። ከጻፍነው ልጆች ይባረራሉ ብለው የፈሩ አሉ።

---

ዲስፓቸሯ

አትጻፉት። ሦስቱ ሰዓት ሪፖርቱ ላይ ከወጣ ለመዋሸት ምክንያት አይኖርም፣ በራሱ ይቀንሳል። አንድ ነገር ግን ጨምሩ፤ በር ላይ የምትቆሙበትን ጊዜ። ተቀባዩ እስኪወርድ፣ ዘበኛው እስኪፈቅድ፣ ሊፍቱ እስኪመጣ። አሁን ያ ሁሉ የመንዳት ጊዜ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። አፑ ላይ "ደርሻለሁ" የሚል ቁልፍ ካለ እሱን መጠቀም ትችላላችሁ።

---

የመጋዘን ልጅ

ከመጋዘን ሁለታችን እንፈርማለን። ባቹ የሚዘጋበት ሰዓትም ይካተት። እኛም የምንፈልገው እሱን ነው።

---

ኦፕሬሽን

ወረቀቱን ለአለቃችሁ ከመስጠታችሁ በፊት የተወሰኑ ቀናት ማስረጃ ያዙ። ስትረከቡ ስካነሩ ላይ የሚታየውን ሰዓት ጻፉት ወይም፣ ከተፈቀደላችሁ፣ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት። የዕቃው ቁጥር ይኑርበት፣ የተቀባዩ ስም እና ስልክ ግን እንዳይታይ ተጠንቀቁ፤ በሱ ሰበብ ሊቀጧችሁ ይችላሉ። የሥራ መብዣ ቀናትን ብቻ አትያዙ። "ያ ቀን የተለየ ነበር" ተብሎ ይጣልባችኋል። የተለመደ ቀን ላይ ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ስንት ደቂቃ እንደቀረው አሳዩ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ያንን ዓምድ ነው።